ወፍጮ ቤቱ ቆሞ በነበረበት መሬት ላይ

አሁን የሚኖሩበት ቤት ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ምን ይሠራበት እንደነበር ያውቃሉ? ምናልባት ጋራዥ ነበር። ምናልባት የእንጨት መሰንጠቂያ፣ የቆዳ ፋብሪካ ወይም የነዳጅ ማደያ። ከተሞቻችን እየሰፉ ሲሄዱ ትናንት ከከተማ ዳር የነበረው መጋዘን ዛሬ መሃል ሰፈር ሆኖ ይገኛል፤ ሥራ ያቆመ ግቢ ያየ ሰው ሁሉ ደግሞ ቤት ይታየዋል። ለእኔም ታይቶኛል። ይህን የምጽፍልዎ እኔ፣ ሁለቱ ወንድሞቼና እህቴ ቆቦ የሚገኘውን የአባታችንን የወፍጮ ግቢ መኖሪያ ለማድረግ ፈቃድ ስንጠይቅ ስላየነው ነገር ነው። ግንበኛ ከመጥራትዎ በፊት ቢያነቡት ይጠቅምዎ ይሆናል።

ቆቦን ለማያውቋት፣ ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በራያ ሜዳ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራሮች ይታያሉ። ክረምት ሲገባ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው ጠልፎ ማሳው ላይ ይለቀዋል፤ ማሽላውና ጤፉ የሚበቅለው በዚያ ነው። ማሽላ ባለበት ደግሞ ወፍጮ አይጠፋም። የአባታችን ወፍጮ በሊስተር ሞተር የሚሠራ ነበር። ቱክቱክታው ሰፈሩን ሁሉ ይሰማው ነበር፤ ሲቆም ሴቶቹ “ዛሬ ናፍጣ አልቋል” ብለው ጆንያቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዱ ነበር። ከጎኑ ትንሽ የኑግና የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያም ነበረው። አባታችን ማታ ሲገባ ቅንድቡ ነጭ፣ እጁ ጥቁር ነበር። ያ ጥቁር ምን እንደሆነ ያኔ ማንም አልጠየቀም።

መብራት ሲገባ የናፍጣ ወፍጮ ገበያ አጣ። አባታችን አረፈ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምትና እንደገና በ2014 መጨረሻ ምን እንዳየች እዚህ አልዘረዝርም። ነገሩ ሲረጋጋ ግቢው ውስጥ የቀረው የድንጋይ መደብ፣ የዛገ በርሜልና አንድ ቁርቁራ ዛፍ ብቻ ነበር። እህቴ ሦስት ልጆች ይዛ በኪራይ ቤት ነው የምትኖረው። እናታችን ሰባዎቹን አልፋለች፤ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጆቿ በሯን ሲያንኳኩ ከመንገድ ሳይሆን ከጓሮ እንዲመጡ። ታላቅ ወንድማችን ግን “ሸጠን ብንካፈል አይሻልም?” አለ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ጠቀመን። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እንደሚለው፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት በውርስ ካልሆነ በስተቀር ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። በውርስ ከሆነ ግን ነባርነቱ ይቀጥላል። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ የምንወርሰው በላዩ ያለውን ንብረትና የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ቢሸጥ ዋጋውን የሚወስነው የጡቡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ገዢው የሚገባበት የሊዝ ክፍያም ይታሰብበታል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ለአፍታ ዝም አለ፤ “እንግዲያው እንሥራ” አለ። በነገራችን ላይ፣ ውርስ ያልተጣራበት ቤት ካለዎት የፍርድ ቤቱን የወራሽነት ማስረጃ ዛሬ ያውጡ። ጦርነት ባለፈበት አገር ወረቀት ከቤት ቀድሞ ይጠፋል። እናታችን ካርታውን በላስቲክ ጠቅልላ ነጠላዋ ሥር ይዛው ባትሸሽ ኖሮ ይህ ጽሑፍም ባልኖረ።

አብዛኞቻችን “ፈቃድ” ስንል የምናስበው የመጨረሻውን ማኅተም ነው። አርክቴክት እንቀጥራለን፣ ፕላን እናስነሳለን፣ ገንዘብ እናወጣለን፣ ከዚያ ወረቀቱን ይዘን እንሄዳለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ሌላ ደረጃ አስቀምጧል፦ የፕላን ስምምነት። ዲዛይን ከመሠራቱ በፊት ሄደው “በዚህ ቦታ ላይ ይህን ለመሥራት አስባለሁ፤ የከተማው ፕላን ይፈቅዳል?” ብለው የሚጠይቁበት ነው። እንደ እኛ ላለው ቦታ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው፤ ወፍጮ የነበረበት መሬት በፕላኑ ላይ ዛሬም ለአምራች ድርጅት ተብሎ ተቀብቶ ከሆነ፣ ስንት ቆንጆ ንድፍ ቢይዙ አይጠቅምዎትም። ሌላም ነገር አለ። አዋጁ ባለ አንድ ፎቅ ያልሞላ የግል መኖሪያን በቀላሉ ምድብ፣ በምድብ “ሀ”፣ ያስቀምጠዋል፤ ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶች በሪል ስቴትነት ከተሠሩ ግን ምድብ “ለ” ይሆናሉ፤ ፋብሪካና ወርክሾፕ ደግሞ ምድብ “ሐ” ናቸው። አራት ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ለመሥራት ያሰበ ቤተሰብ የትኛው እንደሚመለከተው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መጠየቅ አለበት።

ፋይላችንን የተቀበለችው ወጣት መሐንዲስ ካርታውን ዘርግታ ብዙ አየች። ቦታው በፕላኑ ላይ ቅይጥ አገልግሎት ተብሎ ስለተመለከተ መኖሪያ ይቻላል፤ ከጎርፍ መውረጃው ግን መራቅ ግዴታ ነው አለች። ይህን ጠብቀን ነበር። ከዚያ ቀና ብላ እናታችንን “እናቴ፣ የተቃጠለው ዘይት የት ነበር የሚደፋው?” ስትል ጠየቀቻት።

እናታችን ሳታመነታ መለሰች። “ከሞተሩ ኋላ፣ ጉድጓድ ነበረው። አቧራ እንዳይነሳም ግቢው ላይ ይረጨው ነበር።”

እኔ እስከዚያ ቀን ያን መሬት የማውቀው በዱቄት ሽታው ነበር። ቆፍረን ስናይ ግን ከሞተሩ መደብ ኋላ ከጉልበት በላይ ጥልቀት ድረስ አፈሩ ጥቁርና ቅባታም ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላም ናፍጣ ይሸታል። ለእህቴ ልጆች መኝታ ክፍል ያሰብነው ቦታ እዚያ ነበር።

“ታዲያ ምን አለበት? በኮንክሪት ይሸፈን የለም ወይ?” ይሉ ይሆናል። እኛም ብዙ ሰው እንዲያ ብሎናል። ነገር ግን ናፍጣ ከሥር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ተኑ በወለል ስንጥቅ ወደ ክፍል ይገባል። ዛሬ ሁላችንም የምንቀብረውን የፕላስቲክ ውኃ ቧንቧ ግድግዳ ሰርጎ ውኃውን ማበላሸት ይችላል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፤ ስንጥቁ ለቅባቱ መንገድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የራያ ሰው የሚኖረው በከርሰ ምድር ውኃ ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ልማት የተመሠረተው ከሥር በሚሳበው ውኃ ላይ ነው፤ ሜዳው ጎርፍ ለዘመናት ያመጣው ደለል ስለሆነ ከላይ የፈሰሰው ወደ ታች ይሰርጋል። አንድ ወፍጮ ሜዳውን አይመርዝም። ጎረቤታችን ግን የእጅ ጉድጓድ አላት፤ ከአጥራችን ሃያ እርምጃ አይርቅም።

ነገሩ የቆቦ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የሚኖሩ ከሆነ ለገሃርን ያስቡ። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የጣቢያው ሕንፃ በ1922 ተመረቀ። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ወደ ፉሪ ለቡ ሄደ፤ ሰፊው ግቢ ሥራ አጣ። በኅዳር 2011 በዚያ አካባቢ 36 ሄክታር ላይ ከ4 ሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶች የሚሠሩበት የኢግል ሂልስ ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን ሁላችንም የተነጋገርነው ስለ ፎቆቹ ከፍታና ስለ ነባሮቹ ነዋሪዎች ዕጣ ነበር፤ የነዋሪዎቹ ጉዳይ በእርግጥም መነሳት ነበረበት። ነገር ግን አንድ ክፍለ ዘመን ሙሉ ሎኮሞቲቭ የቆመበት አፈር ምን እንደያዘ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም። እኔም ያኔ ቤት ፈላጊ ስላልነበርኩ ስለ አፈር አላሰብኩም።

በአሜሪካ ናያጋራ ፎልስ ከተማ ላቭ ካናል የሚባል ሰፈር አለ። አንድ የኬሚካል ኩባንያ ቆሻሻውን የቀበረበትን ቦታ በ1953 እ.ኤ.አ. ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው፤ ትምህርት ቤትና ቤቶች ተሠሩበት። በ1978 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ካርተር የአደጋ ጊዜ አዋጅ አውጀው ቤተሰቦች ከዚያ ወጡ። የእኛ ጉድጓድ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም በዚያም ሰፈር ቢሆን ወረቀቱ የተሟላ ነበር።

ስለዚህ ቤቶቹን አዘዋወርናቸው። የእህቴ ቤት ወደ ቁርቁራው ጥላ ተጠጋ፤ በቆቦ ሙቀት ጥላ ከፎቅ ይበልጣል፤ ኮርኒሱም ከፍ እንዲል፣ በረንዳውም እንዲሰፋ ጠየቅን። የሞተሩ ቦታ ባዶ ይቀራል። ወንድሜ አንድ ክፍል መቀነሱ አላስደሰተውም፤ እስካሁንም ያነሳዋል። የምክር ያህል ደግሞ ይህን ልጨምር፦ ያረጀ ግቢ ሲገዙ ወይም ሲወርሱ በቅድሚያ የሰፈሩን አሮጊቶች ይጠይቁ። በየትኛውም ፋይል ላይ ያልተጻፈውን እነሱ ያውቃሉ።

አሁን ያለንበትን ልንገርዎ። ጥቁሩን አፈር አስቆፍረን አወጣነው፤ ግቢው ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ተከምሯል። አንድ ባለ ጋሪ መጥቶ በትንሽ ገንዘብ ሆርማት ወንዝ ዳር ወስዶ እንደሚደፋው ነገረን። ወንድሜ ኪሱን ሊፈትሽ ሲል እናታችን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ “ክረምት ሲመጣ ያ ወንዝ የማን ማሳ ላይ ነው የሚገባው?” አለችው። ባለ ጋሪው ባዶውን ተመለሰ።

መሐንዲሷ አፈሩ የት እንደሚወገድ በጽሑፍ አስገቡ ብላናለች፤ እኛም ተቀባይ እየፈለግን ነው። የግንባታ ፈቃዱ እስከዚያ ይጠብቃል። ሸራው ላይ ድንጋይ ጭነንበታል፤ የእህቴ ልጆች እንዳይወጡበት እናታችን ወንበሯን ከፊቱ አድርጋ ትቀመጣለች።