ቁልፉ በማን እጅ ነው?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ብኖርም፥ ትርጓሜው በእውነት የገባኝ ለአሶሳ ቅርብ በሆነችው በጾሬ፥ በአንዲት ትንሽ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ነው።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት እናት ከማንጎው ጥላ ተነሥተው ገቡና፥ «ልጄ፥ ስለ ድንበሬ ሽማግሌዎች የሰጡትን ቃል ጽፈህልኝ ነበር፤ ዳኛ ዘንድ ስለምቀርብ አውጥተህ ስጠኝ» አሉኝ። በእጄ የጻፍሁት ነበርና ያለ ሥጋት ኮምፒዩተሩን ከፈትሁ። ነገር ግን የታየኝ የግእዝ ፊደል ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነበር። የተጻፈበት የፊደል ፕሮግራም በፈቃድ የሚሸጥ ነበርና አሮጌው ኮምፒዩተር ሲበላሽ አብሮት ጠፍቷል፤ አዲስ ለመግዛትም ገንዘብ አልተመደበም። ቃላቸውን ከሰጡት ሽማግሌዎች ደግሞ አንደኛው ዐርፈዋል። እናትዬዋ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ታዲያ የሰው ቃል በእናንተ ሣጥን ውስጥ ይሞታል?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ነገሩን ስመረምር ምክንያቱን ተረዳሁ። ቀድሞ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም ሠሪ ለፊደሎቻችን የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. የግእዝን ፊደል ሲቀበል ግን ለ«ሀ»ም ለ«ለ»ም የጋራ ቁጥር ተገኘላቸው። በዚህ ቁጥር ለመጠቀም ማንም ማንንም አያስፈቅድም።

ይህን ለታናሽ ወንድሜ ባጫውተው፥ «ወንድም ጋሼ፥ ጨዋታ የሚወዱትም ሰዎች የሚያማርሩት ይህንኑ ነው» አለኝ። በእርግጥም ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጨዋታ በ2024 ሲዘጋው፥ ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ሁሉ መጫወት አልቻሉም። ገዛን ያሉት ለካ ተከራይተው ኖሯል!

የጾሬ ገበሬ ማሽላውን ሲሰበስብ መልካም መልካሙን ለዘር ያስቀምጣል፤ ነጋዴው ቢከፋበት እንኳ በሚመጣው ክረምት ይዘራል። ነጻ ፕሮግራም የሚሠሩት ሰዎች ሐሳብም ከዚህ አይርቅም። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 «ግኑ» የተባለውን ሥራ ሲያስታውቅ፥ ሊኑስ ቶርቫልድስም በ1991 ሊኑክስን ሲያወጣ፥ የፕሮግራሙ አሠራር ለሁሉ ክፍት ሆነ። ኦራክል የተባለው ታላቅ ኩባንያ በ2010 ሰን የተባለውን ድርጅት ገዝቶ «ኦፕን ኦፊስ» የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም በእጁ ሲገባ፥ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ስላላመኑት የሥራውን ቅጂ ይዘው ወጡና «ሊብሬ ኦፊስ» ብለው ቀጠሉ። ዘራቸው በጎተራቸው ስለ ነበር ማንም ሊከለክላቸው አልቻለም።

ይሁን እንጂ ፍርድን ማጣመም አይገባም። በዩኒኮድ ማኅበር ውስጥ ታላላቅ ኩባንያዎችም አባላት ናቸው፤ ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ባወጣው ቪስታ ውስጥ «ንያላ» የተባለ የግእዝ ፊደል ጨምሯል። ነጻ የሆነውም ነገር ትምህርትና ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ የሚያስፈራው የኩባንያው ትልቅነት ሳይሆን፥ የእኛን ቃል በራሱ ቁልፍ ብቻ እንዲከፈት ማድረጉ ነው።

በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች ዞሬ ቃላቸውን እንደ ገና ጻፍሁ፤ የሟቹን ግን ከየትም አላገኘሁትም። ከዚያ ወዲህ የምጽፈውን ሁሉ በዩኒኮድ እጽፋለሁ፤ አንድ ቅጂም በወረቀት አስቀምጣለሁ። አንባቢ ሆይ፥ አንተም በመሥሪያ ቤትህ ፕሮግራም ከመግዛትህ በፊት ዋጋውን ብቻ አትጠይቅ፤ ሻጩ ነገ ቢሄድ ሣጥኑን ማን እንደሚከፍተው አስቀድመህ ጠይቅ።