የኮምፒዩተር ኃላፊው ምርጫ

ተማሪዎች ሆይ፤ የስድስት ወር ድካማችሁ በአንዲት ቅጽበት ቢጠፋባችሁ ምን ትላላችሁ? እኔስ አንድም ቃል አልወጣኝም። ለመማሪያ መጽሐፍ ያዘጋጀኋቸውን ምዕራፎች የያዘችውን ፍላሽ በመሥሪያ ቤቴ ኮምፒዩተር ላይ ብሰካት፣ ፋይሎቼ የሉም፤ በቦታቸው ሾርትከት የሚባሉት ምልክቶች ብቻ ተደርድረዋል። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። ተማሪዎቼን «የጻፋችሁትን በሁለት ቦታ አስቀምጡ» እያልሁ ስመክር የኖርሁት መምህር!

የኮምፒዩተሮቹ ኃላፊ የሆነው ወጣት ሊኑክስን አጥብቆ ይወዳል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በዊንዶውስ ሲሠራ እርሱ ብቻውን በሌላ ስለሚጠቀም፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ልታይ ልታይ የሚል ይመስለኝ ነበር። ፍላሿን ተቀብሎ በራሱ ማሽን ላይ ሲሰካት ግን ምዕራፎቼ አንድም ሳይጎድሉ ታዩ።

«ጋሼ፣ ቫይረሱ ፋይሎቹን አላጠፋቸውም፤ የስውርነት ምልክት አደረገባቸው እንጂ። ዊንዶውስ ምልክቱን አይቶ ይደብቃቸዋል፤ ሊኑክስ ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ቫይረሱም የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለ ሆነ እዚህ አይነሣም» አለኝ።

«እንግዲያስ ሊኑክስ ቫይረስ አያውቀውም?»

«ያውቀዋል እንጂ! እኔ የምወደው ስለዚያ አይደለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስኳሉን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጽፍ ውስጡን ለማንም ክፍት አደረገው። ያልገባኝን ገልጬ አነባለሁ።»

ዐረፍተ ነገር ሲበትን ለኖረ ሰው ይህ መልስ እንግዳ አልነበረም። ይሁን እንጂ ፕሪንተራችን ከእርሱ ማሽን ጋር አልስማማ ስላለ፣ ኮምፒዩተሬን ካጸዳልኝ በኋላ ምዕራፎቹን ያተምናቸው ከዚያው ከዊንዶውስ ነው።