ክፉውን ሰው ማን ጻፈው?



ውድ አንባብያን፣ ስለ ሬስሊንግ ልጽፍ ነው ስላችሁ "ምነው ርእስ ጠፋ?" የምትሉ እንደማትታጡ አውቃለሁ። እናቴም ከእናንተ ወገን ናት። "ሙሉ ሰው በቁምጣ ሆኖ ሲላተም ማየት ምን የሚሉት መዝናኛ ነው?" ትለናለች። ለእናት ፊት ለፊት መልስ አይሰጥምና ዝም እላለሁ። የሆነ ሆኖ እናቶቻችን ቢወዱትም ባይወዱትም ይህ ትርኢት በየሳሎናችን ገብቷል። የአንደርቴከርን፣ የሮክን፣ የጆን ሲናን ስም የማያውቅ የሰፈር ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ከገባ ዘንድ ደግሞ ምን እያስተማረን እንደሆነ ተቀምጦ መነጋገር ይበጃል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

እኔን የለከፈኝ ገና በልጅነቴ፣ በቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን፣ ሙቀቱንና ግፊያውን ችለን፣ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ የሚታይ ካሴት እናይ ነበር። የሕንድ ፊልም ሲያልቅ ሬስሊንግ ይገባል። ያን ጊዜ የምናውቀው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ "አክተሩ አይሞትም!"

ዛሬ አምስት ጓደኛሞች ነን። አንዱ መርካቶ ልብስ ይሰፋል፤ አንዱ ያስተምራል፤ አንዱ ታክሲ ይነዳል፤ አንዱ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል፤ አምስተኛው እኔ ነኝ። ከዒሻእ ሶላት በኋላ ዲሽ ያለው ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። ቅመም ያለው ሻይ ይፈላል፤ ሳምቡሳ ይቀርባል፤ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ይልቅ የኛ ክርክር ይጎላል። ልብስ ሰፊው የታጋዮቹን ካባ አይቶ "ይህን የሰፋ እጅ ይባረክ" ይላል። ባለ ታክሲው ከዳኛው ጋር ጠብ አለው፤ "ልክ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ሲፈለግ ዞሮ ይቆማል፣ ሳይፈለግ ከፊትህ ድቅን ይላል" እያለ ያስቀናል። ብቻዬን ሳየው ግን ሬስሊንግ አይጥመኝም። የሚጥመው አብሮ የሚሟገት ሰው ሲኖር ነው።

አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉ አንድ ጎረቤታችን ሐጂ አሉ። ገና ከበሩ ላይ ሆነው "ልጆቼ፣ ይኼ እኮ ተመካክረው ነው! ውሸት ነው!" ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ይህንን ራሱ ባለቤቱ ኩባንያ አምኗል። በ1989 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያን ጊዜ ደብሊው ደብሊው ኤፍ ይባል የነበረው የዛሬው ደብሊው ደብሊው ኢ፣ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት ምክር ቤት ዘንድ ቀርቦ "የኛ ሥራ መዝናኛ እንጂ የስፖርት ውድድር አይደለም" ብሏል። እንዲህ ያለው እውነት ለመናገር ጓጉቶ አልነበረም፤ የስፖርት ኮሚሽኖችን ቁጥጥርና ክፍያ ለማምለጥ ነበር። አሸናፊው አስቀድሞ ተወስኗል፤ ዳኛውም መልእክት አመላላሽ ነው።

ይሁን እንጂ ሐጂ ያላዩት አንድ ነገር አለ። ውጤቱ የተጻፈ ቢሆንም መውደቁ አልተጻፈም። ታጋዮቹ የሚወድቁበት መድረክ ከሥሩ ብረትና ሳንቃ፣ ከላዩ ስስ ፍራሽና ሸራ ነው። ሚክ ፎሊ በጁን 1998 ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ አምስት ሜትር ያህል ከፍታ ካለው የብረት ቤት ጣሪያ ላይ ተወርውሮ የወደቀው በእውነተኛ ሰውነቱ ነው። ኦዌን ሃርት የተባለው ካናዳዊ ደግሞ ሜይ 23 ቀን 1999 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሊወርድ ሲል ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው 34 ዓመት ነበር። ሞቱ ተመካክረው ያደረጉት አልነበረም።

መምህሩ ጓደኛችን ይህን አስመልክቶ የሚናገረው ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። "ልብ ብላችሁ እዩ" ይላል፤ "ጎበዙ ታጋይ የሚጥለው አይደለም፤ ጥሎ የማይጎዳው ነው። ከትከሻው በላይ ያነሣው ሰው አንገቱ በእሱ እጅ ነው። ያለ የሌለ ቁጣውን ፊቱ ላይ እያሳየ፣ በእጁ ግን የወንድሙን ጭንቅላት ይጠብቃል።" ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሩካናን የመሰለ ብርቱ ታጋይ ታግለው እንደጣሉ ተዘግቧል። ያም ሆኖ ጉልበት የሚለካው ሰውን በመጣል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራስን በመግዛት እንደሆነ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ትግሉ ውሸት ነው ብለን ብቻ ብንተወው ዋናው ጉዳይ ያመልጠናል። ዋናው ጉዳይ ታሪኩ ነው። ትርኢቱ ያለ አክተርና ያለ ወንበዴ አይሸጥም። ሕዝቡ ትኬት የሚገዛው ወንበዴው ሲመታ ለማየት ነው። ታዲያ ወንበዴው ማን ይሁን? ይህንን የሚወስነው መድረኩ ላይ የሚወጣው ሰው ሳይሆን ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀት ይዞ የተቀመጠው ነው።

ይህን ጥያቄ ወደ ቤታችን ያመጣው የባለ ዲሹ ጓደኛችን የእኅት ልጅ ነው። ዐሥር ዓመቱ ነው። አንድ ምሽት የድሮ ግጥሚያ ስናይ አብሮን ተቀምጦ ነበር። መድረኩ ላይ የዐረብ ሻሽ የጠመጠመ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ ጫማ ያደረገ፣ ሪዙን ያሳደገ ሰው ባንዲራ እያውለበለበ ወጣ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ልጁ ወደ አጎቱ ዞሮ "አጎቴ፣ ይሄ ሰውዬ ሙስሊም ነው እንዴ? ገና ምንም ሳያደርግ ለምን ይጮኹበታል?" አለ። ሻይ የያዘው ሻዩን አስቀመጠ። ያ ሁሉ ተከራካሪ አፉን ዘጋ። ያን ምሽት ለልጁ በየተራ የነገርነውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሰውዬው ዘ አይረን ሺክ፣ ማለትም የብረቱ ሼክ ይባል ነበር። እውነተኛ ስሙ ሆሴን ኾስሮ አሊ ቫዚሪ ሲሆን የኢራን ተወላጅ ነበር። የምር ታጋይ ነበር፤ በ1971 በአሜሪካ የግሪክ ሮማን ትግል የአማተር ሻምፒዮና አሸንፏል። በኋላ ግን ወደ ትርኢቱ ሲገባ የተሰጠው ሌላ ነገር ነው። ከ1979 እስከ 1981 52 አሜሪካውያን ቴህራን ውስጥ ለ444 ቀናት ታግተው ነበርና የአሜሪካ ሕዝብ በኢራን ላይ ቁጣው አልበረደም ነበር። ኩባንያው ይህን ቁጣ ትኬት አደረገው። ሺክ በዲሴምበር 26 ቀን 1983 ኒው ዮርክ ውስጥ ቀበቶውን ወሰደ፤ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ በጃንዋሪ 23 ቀን 1984 ለሀልክ ሆገን አስረከበ። ወንበዴው የነገሠው አክተሩ እንዲነግሥ ነበር። ልብ በሉ፣ ኢራናዊው የለበሰው የዐረብ ሻሽ ነው። ለጻፈው ሰው ፋርስና ዐረብ ልዩነት አልነበራቸውም።

"ይህ አጋጣሚ ነው" የሚል ካለ ወደ 1991 እንምጣ። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ነው። አሁን ወንበዴው ኢራቃዊ መሆን አለበት። ያው ኢራናዊ ሰው የወታደር ልብስ ለብሶ "ኮሎኔል ሙስጠፋ" ተባለና የኢራቅ መኮንን ሆኖ ወጣ! ኢራንና ኢራቅ ከ1980 እስከ 1988 ስምንት ዓመት ሙሉ ሲተላለቁ ኖረዋል። ባለ ታክሲው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት "ታርጋ ቀይሮ ያው መኪና!" አለ። ስቀናል፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው የ2004ና የ2005 ታሪክ ነው። መሐመድ ሐሰን የሚባል ዐረብ አሜሪካዊ ታጋይ ብቅ አለ። ሰውዬው መጀመሪያ የሚለው ነገር እውነት ነበር፦ ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ሰዎች በስሜና በመልኬ ብቻ ይጠረጥሩኛል፤ እኔም አሜሪካዊ ነኝ። ይህን የሚል ሰው በየአውሮፕላን ጣቢያው አለ። ግን ይህን እውነት የሰጡት ለወንበዴው ነው። ሕዝቡ በእውነቱ ላይ እንዲጮህ ተጋበዘ። በጁላይ 2005 በተላለፈ አንድ ትርኢት ሐሰን እንደሚጸልይ ሆኖ ተንበረከከ፤ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ወጥተው አንደርቴከርን ደበደቡ። የተቀረጸው ጁላይ 4 ነው፤ በአሜሪካ የታየው ግን ጁላይ 7፣ ለንደን በቦምብ በተመታችበት ቀን ነበር። ከፍተኛ ቁጣ ተነሣ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያው ሐሰንን አናሳይም አለ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ታሪኩ ተዘጋ። ሐሰንን የሚጫወተው ሰው ማርክ ኮፓኒ ይባላል። የዘር ሐረጉ ከጣሊያን እንጂ ከዐረብ አገር አይደለም። ስሙም፣ ሻሹም፣ ጸሎቱም የተከራየ ነበር። ትርኢቱ ሲያልቅ እሱ ሻሹን አውልቆ ወደ ቤቱ ሄደ፤ መሐመድና ሐሰን ተብለው የተወለዱት የአሜሪካ ልጆች ግን በነጋታው ትምህርት ቤት የገቡት በስማቸው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ክፉ ሰው መሆን በራሱ ነውር አይደለም፤ ጨዋታው ይፈልገዋል። ሙሐመድ ዐሊን ተመልከቱ። በ1961፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ጎርጀስ ጆርጅ የተባለ ጉረኛ ታጋይ አገኘ። ሕዝቡ ይህን ሰው ሲሸነፍ ለማየት አዳራሹን ሲሞላው አየና ብልሃቱን ወሰደ። "እኔ ታላቅ ነኝ" እያለ ዓለምን ያስቆጣውም ያስወደደውም በዚህ ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ዐሊ ሚናውን በገዛ አፉ ጻፈው። ሺክና ሐሰን ግን በሌላ ሰው ብዕር የተጻፉ ናቸው።

በመጨረሻ ለልጁ የነገርነው ስለ ሳሚ ዜይን ነው። ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ከሶሪያውያን ወላጆች የተወለደ ሙስሊም ነው፤ እውነተኛ ስሙ ራሚ ሰባዒ ነው። አንዳንዴ ወንበዴ፣ አንዳንዴ አክተር ሆኖ ተጫውቷል። ግን ክፉ ሲሆን ክፋቱ ከተንኮሉ፣ ደግ ሲሆን ደግነቱ ከታማኝነቱ የመጣ እንጂ ከስሙ አልነበረም። ሕዝቡ በጣም የወደደው በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ ገደማ፣ በአዲስ ጓደኞቹና በዱሮ ወዳጁ በኬቪን ኦውንስ መካከል ልቡ ሲከፈል ነው። ይህ በየሰፈሩ ያለ የጓደኛሞች ታሪክ ነው። ኩባንያው ከ2018 ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ ትርኢት ሲያሳይ ሳሚ ለዓመታት አልታየም ነበር። ሜይ 27 ቀን 2023 ግን ጅዳ ላይ ከኦውንስ ጋር ወጣ፤ ማይክሮፎኑን ይዞ በዐረብኛ ተናገረ። አዳራሹ በደስታ አስተጋባ። ይኸው ሰው በ2017 ለሶሪያ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰብ መጀመሩን ስንነግረው ልጁ "ይሄኛውን የጻፈው ጥሩ ሰው ነው" አለ። ልብስ ሰፊው "አይ፣ ይሄኛው ልብሱ በልኩ ስለተሰፋ ነው" ሲል መለሰለት።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተን የማስቸግረው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ልጆች የሚያዩትን በፍራሽ ላይ እንዳይሞክሩ በጥብቅ ንገሯቸው። እነዚያ ሰዎች መውደቅን ለዓመታት ተምረውትም ይሰበራሉ። ለዓይን የማይሆን ነገር ሲመጣም ማጥፊያው በእጃችሁ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትርኢቱ በብልግና የተሞላ ነበር፤ ከ2008 ወዲህ ቢለዝብም ሁሉም ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም።

ሁለተኛው ግን ከማጥፋት በላይ ነው፦ አልፎ አልፎ አብራችኋቸው ተቀመጡ። "ውሸት ነው" ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ልጁ ይህን ከእናንተ በፊት ያውቃል። "ይህን ሰው ክፉ ያደረገው ሥራው ነው ወይስ አለባበሱ? ታሪኩን ማን ጻፈው? ማንስ ከፈለበት?" ብላችሁ ጠይቁት። ይህን ጥያቄ በሬስሊንግ የለመደ ልጅ ነገ ፊልም ሲያይ፣ ዜና ሲሰማ፣ ጋዜጣ ሲያነብ ይጠይቀዋል። እዚያ ደግሞ ወንበዴውንና አክተሩን የሚያስታውቅ ሙዚቃ የለም፤ ጸሐፊውም ስሙን አያወጣም።

እናንተም ወጣቶች፣ ብቻችሁን ከስልካችሁ ጋር ተዘግታችሁ አትዩ። የሚቃወማችሁ ጓደኛ፣ የሚጠይቅ ሕፃን፣ በር ላይ ቆሞ "ውሸት ነው!" የሚል ሽማግሌ ባለበት እዩ። በአንድ ዓይን ያመለጠው በዐሥር ዓይን ይታያልና።

ወሰላሙ ዐለይኩም