የልጅ ልጆችን ይዞ ከገሱባ ደርሶ መልስ

የአዲስ አበባ ልጆች ለክረምት ዕረፍት ወደ አያቶቻቸው ሲመጡ ገና ሻንጣው ሳይፈታ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «እዚህ ፓርክ አለ?» የእኔዎቹም ያው ናቸው። ቦራን ያውቁታል፣ እንጦጦ ፓርክን አይተዋል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በቤተ መንግሥቱ ግቢ የተከፈተውን አንድነት ፓርክማ እኔም አብሬያቸው ገብቼ ጥቁር ጋማ ያላቸውን አንበሶች አይቻለሁ። ገሱባ ውስጥ የሚሽከረከር ወንበርም፣ ትኬት የሚቆረጥለት አንበሳም የለም። ስለዚህ ብዙ አያት ለልጆቹ ስልኩን ይሰጥና ቤት ያስቀምጣቸዋል። ዕረፍቱ ያልቃል፣ ልጆቹ ወላይታን ሳያዩ ይመለሳሉ።

የፓርክ ጠላት አይደለሁም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስለሠራሁ ፓርክ ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው መጫወቻው ላይ ሳይሆን አጥሩ፣ መጸዳጃ ቤቱና የእጅ መታጠቢያው ላይ ነው። እነዚህን ሁሉ ሌላ ሰው አስቦ አዘጋጅቶልናል፤ ከፊሉ የትኬት ዋጋ የሚከፈለውም ለዚህ ነው። ከፓርክ ውጭ ሲኬድ ግን አጥሩን፣ ጥላውንና ንጹሑን ውሃ ይዞ የሚሄደው ትልቅ ሰው ነው። ይህን የተረዳ ቤተሰብ ከገሱባ ተነስቶ በአንድ ቀን የሚያየው አያጣም።

ገሱባ የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ ወደ ሳውላ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቀጥዬ የምነግራችሁ ጉዞዎች በሙሉ በሶዶ በኩል የሚያልፉ ናቸውና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ያልወጣ ቤተሰብ ቀኑን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። ሌላም ምክር ልጨምር፤ በአንድ ቀን አንድ ቦታ ብቻ። ፏፏቴውን፣ ተራራውንና ሐይቁን በአንድ ቀን አሳያለሁ ያለ ሰው፣ ሦስተኛው ቦታ ሲደርስ መኪና ውስጥ የተኙ ልጆች ነው የሚያሳየው።

የመጀመሪያውን ቀን ግን የትም አልሄድም። ልጆቹ ከረጅም መንገድ መጥተዋል፣ ሆዳቸውም አዲሱን ምግብና ውሃ አልለመደም። የገበያ ቀን ከሆነ እዚያው ገሱባ ገበያ እወስዳቸዋለሁ። ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ስኳር ድንችና ቆጮ ከምን እንደሚገኙ የማያውቅ ልጅ እዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይማራል። ዳጣ እንዲቀምሱ አላስገድድም፤ አንዱ ሲቀምስ ሌሎቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ውሃ ፍለጋ ነው። ውሃ በወላይትኛ «ሃታ» መሆኑን የልጅ ልጆቼ የተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

ቃሉ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ በሕይወት አለች፣ ዘጠና ትጠጋለች፣ አማርኛዋም ጥቂት ነው። እነዚህ ልጆች ከቅድመ አያታቸው ጋር በዓመት ሁለት ሳምንት ይገናኛሉ። «ሳሮ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው፣ «ሃታ» ብለው ጠይቀው፣ «ጋላታይስ» ብለው ካመሰገኗት ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይበራል። ስለዚህ በየጉዞው ማታ ተመልሰው ያዩትን አንድ ነገር በወላይትኛ ለእሷ እንዲነግሯት አዝዣለሁ። ሲሳሳቱ ትስቃለች፤ እነሱም ይስቃሉ።

ገበያው ውስጥ ሌላም ነገር ይገጥማል። እግሩ ያበጠ ሰው ሲያልፍ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እማማ፣ እግሩ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። አፉን አትያዙት፤ ወደ ጎን ወስዳችሁ እውነቱን ንገሩት። በእኛ አካባቢ በብዛት የሚታየው የእግር ዝሆኔ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት በወላይታ የተደረገ ጥናት ከመቶ ሰው አምስት ያህሉ እንደተያዘ አሳይቶ ነበር። ሶዶ ላይ ሞሲ ፉት የሚባለው ማኅበር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሕሙማኑን እግር በማጠብ፣ በመንከባከብና ጫማ በማልበስ ሲረዳ ኖሯል። አንድ ከሰዓት በኋላ በባዶ እግሩ የሮጠ የከተማ ልጅ በዚህ አይታመምም፤ ነገር ግን ጫማ ለገጠር ዘመዱ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ዓመት ወዲህ ልጄ የጠበባቸውን ጫማ እየሰበሰበች ትልካለች። እናንተም ሻንጣ ስታዘጋጁ አስቡበት።

ወደ ጉዞው ልግባ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው አጆራን ነው፣ ልክም ነው። ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው አስፋልት አረካ ይደረሳል፤ ከአረካ ወዲያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ የገጠር መንገድ ይከተላል። አጃንቾና ሶኬ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ከደጋው ጫፍ ወደ ጥልቅ ሸለቆ ይወረወራሉ፤ ከመቶ ሜትር በላይ ይወርዱና ከታች ተገናኝተው ወደ ኦሞ ያመራሉ። ከላይ ሆኖ ሲታይ ውሃው መሬት ሳይደርስ ጭስ የሚሆን ይመስላል። የልጅ ልጄ «ማነው የሚከፍተው?» ብሎ ጠይቆኛል፤ የሚያውቀው የመናፈሻ ፏፏቴ በቧንቧ የሚከፈተውን ነው።

አጆራ ላይ የምፈራው ግን ገደሉን ነው። በሄድኩበት ጊዜ ልጅ የሚያስቆም የብረት አጥር አልነበረም፤ ሣሩም በካፊያው እርጥብ ስለሚሆን ጫማ ያንሸራትታል። ከዐሥር ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሁሉ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ፣ እጁም ይያዝ። አራት ልጆችና ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከሆናችሁ ሁለቱ ልጆች ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ልጅ የያዘው ሰው መሆን የለበትም። በተለይ ወደ ኋላ እየሄዱ ፎቶ ማንሳት! የአካባቢው ወጣቶች መንገድ ለማሳየት ይመጣሉ፤ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙና ይዛችኋቸው ሂዱ፤ የትኛው ድንጋይ እንደሚናድ ያውቃሉ። ወደ ሸለቆው መውረድ ለጉልበተኛ ጎረምሳ እንጂ ለእኔ ቢጤ አይደለም። የደም ግፊት ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት አያት ከላይ ሆኖ ያየው ይበቃዋል፤ ውበቱም ከላይ ነው።

ፏፏቴው የሚሞላው በክረምት ነው፣ መንገዱ የሚጨቀየውም በክረምት ነው። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ከሄዳችሁ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የያዘው የገጠር መንገድ ሚኒባስ አያሳልፍም። በየካቲት የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት የሚመጣ ሰው ቀጭን ውሃ ያያል፣ ነገር ግን ደረቅ መንገድ ያገኛል። ትንንሽ ልጆች ላለው ሰው የካቲትን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጉዞ ዳሞታ ነው። ዳሞታ የሶዶን ራስጌ ይዞ የተቀመጠ፣ ከፍታው ወደ 2,900 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው። ጫፉ ድረስ መውጣት የልጆች ሥራ አይደለም፤ ሽቅቡን ጥቂት ተጉዞ፣ በእንሰትና በባሕር ዛፍ መካከል አረፍ ብሎ ሶዶን ከላይ ማየት ይበቃል። እኔን ወደ ዳሞታ የሚስበኝ ግን በተራራው ደቡብ ምዕራብ ጎን ያለው ሞቼና ቦራጎ ነው።

ሞቼና ቦራጎ ትልቅ የዓለት ጥላ ነው፤ ዋሻ ቢባልም አፉ ሰፊ ነው፣ ዝናብ ሲኖር ከፊቱ ውሃ ከላይ ይወርዳል። መጀመሪያ የፈረንሳይ፣ ኋላም በአሜሪካው ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በስቲቨን ብራንት የተመራ ቡድን ቆፍረውታል። ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች በዚያ ጥላ ሥር እሳት እያነደዱ፣ እንደ ጠርሙስ ከሚያብረቀርቅ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሣሪያ ይሠሩ እንደነበር ከአፈሩ ንብርብር ታውቋል። ይህ ለልጅ ሲነገር ቁጥሩ ምንም አይገባውም። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፤ «እኔ የእናትህ እናት ነኝ፣ እቤት ያለችው ደግሞ የእኔ እናት ናት» እልና እናት በእናት ወደ ኋላ መቁጠር እንጀምራለን። ሃያ ላይ ሲደርሱ ይደክማቸዋል፤ «ገና ከሺህ በላይ እናቶች ይቀራሉ» ስላቸው ዝም ብለው ዓለቱን ያያሉ።

የሚገርመው ነገር በዚያ አላበቃም። በወላይታ፣ በጋሞና በኮንሶ ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች በቅርብ ዘመንም በድንጋይ መፋቂያ ይሠሩ ነበር፤ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ መጥተው ያጠኗቸውም ለዚህ ነው። የእኛ ሰው ግን እነዚህን ባለሙያዎች ሲያንቋሽሽና ከማዕዱ ሲያርቅ ኖሯል። ይህንንም ለልጆቹ እነግራለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፤ ከሞቼና ቦራጎ ድንጋይ አንስቶ ኪስ መክተት ክልክል መሆኑን ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት ይወቁ። ስለቱም እጅ ይቆርጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ሶዶ ላይ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቃችሁ የሚመራችሁን ሰው ያዙ፣ መንገዱ ምልክት እየተከተሉ የሚደርሱበት ዓይነት አይደለም።

ሦስተኛው ከሶዶ በአርባ ምንጭ መንገድ ወደ ሁምቦ የሚደረገው ነው። ለአያቶች ጉልበት የሚስማማው ይህ ነው፣ አስፋልቱ ብዙውን ያደርሳል። በሁምቦ ተራሮች ላይ በ1999 ዓ.ም. በወርልድ ቪዥንና በገበሬዎቹ ማኅበራት የተጀመረ የደን ሥራ አለ፤ 2,728 ሄክታር ይሸፍናል። የሚደንቀው ብዙው ዛፍ ያልተተከለ መሆኑ ነው። ድሮ ተቆርጠው ከመሬት በታች ሥራቸው በሕይወት የቀረ ጉቶዎች ነበሩ፤ ከብት እንዳይገባ ተከለከለ፣ የበዛው ቡቃያ ተገርዞ ጠንካራው ተተወ፣ ተራራው ለበሰ። ዛፎቹ ለያዙት ካርቦንም የዓለም ባንክ ፈንድ ለማኅበራቱ ክፍያ ፈጽሟል። ያን ተራራ ራቁቱን የሚያስታውስ ሽማግሌ በአካባቢው አይጠፋምና ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ እንዲነግራቸው ጠይቁት።

ከሁምቦ አካባቢ ወደ ታች የአባያ ሐይቅ ይታያል፤ ከጣና ቀጥሎ በአገራችን ትልቁ ነው። ውሃው ቀላ ያለ ነው፣ ወንዞቹ ይዘው የሚገቡት ደለል ነው እንዲህ ያደረገው። ልጆቹ «ሻይ ይመስላል» ይላሉ። ከሩቅ ይታይ እንጂ እግር አይነከርበት፤ አዞና ጉማሬ አለበት። በአካባቢው በቀስታ በሚሄድ ወይም በቆመ ውሃ መንቦራጨቅም ቢልሃርዚያ ሊያመጣ ይችላል። ዋና የለመደ የከተማ ልጅ ይህን ሲሰማ ያኮርፋል፤ ያኩርፍ።

ጊቤ ሦስትን የሚጠይቁኝ አሉ። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ማየት ማንም ይፈልጋል፣ ግን ፈቃድ ሳይጠይቁ አይኬድም፣ ለትንንሽ ልጆችም መንገዱ ረጅም ነው። በግድቡ ሐይቅ ዳር በዳውሮ የተሠራው ሐላላ ኬላም ማደር ለሚችል እንጂ ለደርሶ መልስ አይሆንም። አርባ ምንጭም እንዲሁ።

ስለ ቦርሳው ባጭሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ከቤት የተዘጋጀ የፈላ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ውሃ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦና ቆሎ ያዙ። ሥጋ ወጥ ቋጥራችሁ በሙቀት ስድስት ሰዓት አታቆዩ። ሳሙና፣ የተጠቀለለ ሶፍት፣ ሁለት ኦአርኤስ፣ ቁስል ማሰሪያ፣ ትርፍ ካልሲ አይቅሩ። አያቶች የዕለት መድኃኒታችሁን ቤት ትታችሁ አትውጡ። መጸዳጃ ጉዳይ ሶዶ ወይም አረካ ላይ ምግብ ቤት ቁጭ ብላችሁ ቡና ስታዙ ይጠናቀቅ።

በመጨረሻ ወባ። ወደ ደሜ ወንዝ በኩልም፣ ወደ አባያ በኩልም ቆላ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ልጆቹ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበሱ፣ ማታም አጎበር ውስጥ ይተኙ። ትንኝ የነከሰው ልጅ በማግሥቱ አያተኩሰውም፤ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ይዘገያል። ያን ጊዜ ልጁ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ እናቱም ጉንፋን ነው ብላ ታስባለች። በወሩ ውስጥ ትኩሳት ከመጣ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁም ከወላይታ ቆላ መመለሱን ተናገሩና ደሙ ይመርመር። የእኔዎቹ ሲሄዱ ይህንን በወረቀት ጽፌ ከሻንጣቸው ክዳን ውስጥ እለጥፍላቸዋለሁ፤ ከሥሩም እነሱ ያወቋቸውን የወላይትኛ ቃላት።