ከወንበሩ ጀርባ የሌለው ብረት

ይህን ገጽ የምትከታተሉ ሁሉ እንደምታውቁት እዚህ የሚጻፈው ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ሹምና ስለ ሕዝብ ነው። ዛሬ ግን ከልጄ ጋር ስለ ገጣጠምነው የፕላስቲክ አውሮፕላን እጽፋለሁ። «ሰውየውን ምን ነካው?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከተለመደው ጉዳያችን አይርቅም።

ልጄ 13 ዓመት ሲሞላው አንድ ወዳጄ በስጦታ ያመጣለት ካርቶን፣ ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋችበትን «ዜሮ» የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል የያዘ ነበር። ሞዴሉ ከእውነተኛው በ48 እጅ ያንሳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር የነበረው ክንፍ 25 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ይዘረጋል። ካርቶኑ ላይ የተሳለው ሥዕል ግሩም ነው፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ባሕሩ ጥቁር፣ በክንፎቹ ላይ ቀይ ፀሐይ። ካርቶኑ ሲከፈት ግን የሚገኘው በፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ ቁርጥራጭ ብቻ ነው። እኛ በምንኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ የጥር ምሽት ረዥም ስለሆነ፣ እኔ በወረንጦ እየያዝሁ፣ እሱ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰና እያጣበቀ፣ ሦስት ሳምንት ያህል አመሸንበት።

መመሪያው የሚጀምረው ከአብራሪው ክፍል ነው። የመጀመሪያው ሥራችን ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ወንበር ነበረች። ወንበሯ በቀዳዳ የተሞላች ናት። ልጄ ፋብሪካው ያበላሻት መስሎት ነበር፤ ነገር ግን እውነተኛው ወንበርም እንዲሁ ነበር። መሐንዲሶቹ የአውሮፕላኑን ክብደት በግራም እየቆጠሩ ለመቀነስ ሲሉ ብረቱን ቀዳድተውታል። ለክንፉ የሚለጠፉ፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ የጃፓንኛ ፊደላትም ነበሩ። ትርጉማቸው «አትርገጥ» ማለት ነው። የክንፉ ቆዳ ስስ ስለነበረ መካኒኩ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ መጠንቀቅ ነበረበት።

ስለዚህ አውሮፕላን ጥቂት ልበል። (የጃፓኑን ታሪክ ዓመታት የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የጃፓን ባሕር ኃይል በ1937 ለሚትሱቢሺ ኩባንያ ያቀረበው መስፈርት በዚያ ዘመን የማይቻል የሚመስል ነበር፤ ፈጣን ይሁን፣ እንደ ልብ ይታጠፍ፣ ሩቅ ይብረር፣ ከባድ መድፍ ይሸከም፣ ከመርከብ ላይም ይነሣ የሚል። ዋናው ንድፍ አውጪ ሆሪኮሺ ጂሮ በእጁ የነበረው ሞተር አንድ ሺህ የፈረስ ጉልበት እንኳ የማይሞላ ነበር። ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ክብደት መቀነስ። አዲስ የአሉሚኒየም ቅይጥ ተገኘ፣ ብረቱ ሁሉ ተቀዳደደ፣ የመጀመሪያው ዜሮ በኤፕሪል 1939 በረረ። በናጎያ የነበረው ፋብሪካ የራሱ ማኮብኮቢያ ስላልነበረው፣ የዘመኑ ድንቅ አውሮፕላን ተፈትቶ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ግድም በሌሊት ተጉዞ ነው የሙከራው ሜዳ የደረሰው። በሬ ጠምዶ ለሚያርስ ሕዝብ ልጆች ይህ ሥዕል ሩቅ አይደለም።

በሴፕቴምበር 1940 በቻይና ሰማይ ላይ 13 ዜሮዎች የመጀመሪያውን ውጊያቸውን ገጥመው አንድም ሳይወድቅባቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል በእስያና በፓስፊክ ሰማይ ላይ እኩያ ያለው አይመስልም ነበር። ከዓመታት በፊት እዚህ ዋሽንግተን በአየርና ኅዋ ሙዚየም ውስጥ አንዱን ከጣሪያ ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ። ያምራል። ከበታች ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ወንበሩ አይታይም።

ልጄ ግን ወንበሯን በእጁ ይዟት ነበር። ቀደም ሲል የአሜሪካኑን «ሄልካት» ሞዴል ገጣጥሞ ስለነበር፣ ቁርጥራጩን ሁሉ ካገላበጠ በኋላ «አባዬ፣ ከጀርባው የሚገባው ብረት የት አለ? ጠፍቶብናል» አለኝ። በሄልካቱ ውስጥ ከአብራሪው ጀርባ የሚቆም ጥይት መከላከያ ብረት ነበረ። ፍሬሙን ሁሉ ፈለግን፤ መመሪያውን ከፊት ወደ ኋላ ገለጥን። የጠፋ ነገር አልነበረም። ዜሮ ሲሠራ ከአብራሪው ጀርባ ብረት አልነበረውም። የነዳጅ ቋቶቹም ጥይት ሲበሳቸው ራሳቸውን የሚደፍኑ አልነበሩም። ክንፉ የነዳጅ ጋን፣ ጋኑም ለእሳት የተጋለጠ ነበር። ባዶው ሄልካት ከ4 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝን ባዶው ዜሮ 1,700 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። ያ ሁሉ ርቀትና ያ ሁሉ ቅልጥፍና የተገዛው በዚህ ነው።

ፍርድ እንዳላጓድል አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በ1937 መከላከያ ብረትን ያልጠየቀ የጃፓን ባሕር ኃይል ብቻ አልነበረም። የእንግሊዙ ስፒትፋየርም ሥራ ሲጀምር ከአብራሪው ጀርባ ብረት አልነበረውም። ብዙ የጃፓን አብራሪዎች ራሳቸው ከብረት ይልቅ ቅልጥፍናን ይመርጡ ነበር። ሆሪኮሺም ከተሰጠው መስፈርትና ከነበረው ሞተር ውጪ ተአምር መሥራት አይችልም። ሰው ሲጀምር ይሳሳታል፤ መንግሥትም እንዲሁ። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዞች ውጊያው ባስተማራቸው ጊዜ፣ በ1940፣ ብረቱን አስገቡ። በጃፓን በኩል ግን ከጓዳልካናልና ከሰለሞን ደሴቶች ሰማይ የማይመለሱት አብራሪዎች ቁጥር ወር በወር ሲጨምር፣ ዜሮ በመሠረቱ ያው ዜሮ ሆኖ ቀጠለ። ጥቂት መከላከያ የተጨመረው በ1944 በወጡት የኋለኞቹ ዓይነቶች ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ለዓመታት የሠለጠኑት አብራሪዎች አብዛኞቹ አልቀው፣ በቦታቸው ጥቂት ሰዓት ብቻ የበረሩ ልጆች ተተክተው ነበር። ለሰው የማይሳሳ ሠራዊት መጀመሪያ የሚያልቅበት ሰው ነው።

በጁን 1942 በአላስካ ደሴቶች የሆነው ነገር ከዚህ ጋር አብሮ ይታወሰኛል። ኮጋ ታዳዮሺ የተባለ የ19 ዓመት አብራሪ የአውሮፕላኑ የዘይት ቧንቧ በጥይት ተመትቶበት አኩታን በተባለች ደሴት ላይ ለማረፍ ሞከረ። ከላይ ሲታይ ሣር የመሰለው መሬት ረግረግ ነበር። አውሮፕላኑ ተገለበጠ፤ ልጁ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። ጓደኞቹ ከጠላት ምድር ላይ የወደቀን ዜሮ እንዲያጠፉ ታዝዘው ነበር። እነርሱ ግን ከላይ እየዞሩ አይተው፣ «በሕይወት ቢኖርስ?» ብለው ሳይተኩሱ ሄዱ። ከአንድ ወር በኋላ አሜሪካኖች አገኙት፤ ጠግነው በሴፕቴምበር ሳን ዲዬጎ ላይ አበረሩት፤ ድክመቱንም አንድ በአንድ አጠኑ። በወታደራዊ ሂሳብ የእነዚያ ጓደኞች ውሳኔ ትልቅ ጥፋት ነው። እኔ ግን በዜሮ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ከአውሮፕላኑ በላይ የተቆጠረበት ሰዓት ይህ ይመስለኛል፤ የቆጠሩትም አለቆች ሳይሆኑ ጓደኞች ናቸው።

አለቆቹ እንዴት እንደሚቆጥሩ በ1943 ታየ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከውትድርና የሚቆዩበት መብት ሲሻር፣ የምሕንድስናና የሳይንስ ተማሪዎች በትምህርታቸው እንዲቀጥሉ ተደረገ፤ የሕግ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የፍልስፍና ተማሪዎች ግን ይዝመቱ ተባለ። ኦክቶበር 21 ቀን በቶኪዮ ስታዲየም፣ በዝናብ፣ የተማሪ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ጠመንጃ ተሸክመው ተሰለፉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አብራሪ ሆኑ። በዓመቱ፣ በኦክቶበር 1944፣ ምክትል አድሚራል ኦኒሺ ታኪጂሮ በፊሊፒንስ የመጀመሪያውን የአጥፍቶ ጠፊ ጓድ አቋቋመ። በዜሮው ሆድ 250 ኪሎ ግራም ቦምብ ታሰረ። በ25ኛው ቀን የ23 ዓመቱ ሙሽራ ሴኪ ዩኪዮ የመራው ጓድ «ሴንት ሎ» የተባለችውን የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አሰጠመ። ጦርነቱ እስኪያበቃ በዚህ መንገድ ያለቁት ወጣቶች ከ3 ሺህ ይበልጣሉ።

ታሪክ ጸሐፊዎች አጥፍቶ ጠፊነት የጀመረው በዚያ ኦክቶበር እንደሆነ ይጽፋሉ። እኔ ወንበሯን በወረንጦ ይዤ ሳስብ፣ መንገዱ የተጠረገው ቀደም ብሎ መሰለኝ። ሲጀመር አብራሪው ከጥይት የሚጋርደው ነገር አልነበረም። ቀጥሎ፣ ሞቱ ሲደጋገም ማንም መስፈርቱን አልለወጠም። በመጨረሻ ሞቱ ራሱ መስፈርት ሆነ። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የተነገረው ቃል ግን አንድ ነበር፤ መሥዋዕትነት።

ይህ ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጃፓንም ለእኛ እንግዳ አልነበረችም። ከአድዋ በኋላ የተነሡት ምሁሮቻችን ሥልጣኔን ከነጻነት ጋር ያጣመረች አገር ብለው ያዩዋት ጃፓንን ነበር። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥታችንን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት አርአያ ያደረጉት የሜጂን ሕገ መንግሥት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቶኪዮ ደርሰው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጠየቁ። እነዚህን ሰዎች በአክብሮት አነባቸዋለሁ። ነገር ግን ያቺው ጃፓን በ1936 መጨረሻ አዲስ አበባ ያለውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ በተግባር ተቀበለች። ሞዴል ስንመርጥ ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ይማርከናል። ዘውዱን፣ ፋብሪካውን፣ መርከቡን አየን። ያ መንግሥት ከዜጋው ጀርባ ምን አቁሟል ብሎ ወንበሩን ያገላበጠ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልናገር። በ1981 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ጨርሶ የማትሪክ ውጤቱን ሲጠብቅ ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር ታፈሰ። ጥቂት ወራት ሠልጥኖ ወደ ሰሜን ሄደ። አንድ ደብዳቤ ብቻ ደረሰን። ደብዳቤው ስለ ጠላትም ስለ እናት አገርም አላወራም፤ «ጫማዬ አልቋል፣ ከተቻለ ላኩልኝ» ይላል። እናቴ የአንገቷን ሽጣ ጫማ ገዛች፤ በሚያልፍ ሰው እጅ ላከች። ሳይታወቅ ወራት አለፉና አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ቆሞ ስለ መሥዋዕትነት ያማረ ንግግር አደረገ። እናቴ እስኪጨርስ ጠበቀችና፣ «ጌታዬ፣ ጫማው ደርሶት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ሰውየው መልስ አልነበረውም። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ያ ጦርነት አለፈ፤ ሌላም መጣ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በዚህም በዚያም ወገን ወጣቱ የተጠራው በዚሁ ቃል ነበር። ለአገር መሞት ክብር አይደለም አልልም፤ እኔ ራሴ ነጻ አገር የወረስኩት ከሞቱላት ሰዎች ነው። የምለው ይህ ነው፤ መሥዋዕትነት የሚሰጠው ሰው ራሱ የሚናገረው ቃል ነው። የሚጠይቀው መንግሥት ሲናገረው ግን አስቀድሞ ሂሳብ ማቅረብ አለበት። ብረቱን ማን አስቀረው? ባለፈው ጊዜ የሞቱት በምን ሞቱ? ከእነርሱ ሞት በኋላ ምን ታረመ? ይህን የሚጠይቅ ዜጋ ፈሪም ከሐዲም አይደለም። የመከላከያ ብረቱን መጠየቅ የእኛ፣ የኋላ ተቀማጮቹ፣ ሥራ ነው፤ እፊት የተቀመጠው ልጅ ወደ ኋላ ዞሮ ለማየት ጊዜ የለውም።

ሞዴሉ አልቋል። ቀለሙ ደርቆ፣ ቀዩ ፀሐይ ተለጥፎ፣ አሁን በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ቆሟል። ከካርቶኑ የወጣች አንዲት ትንሽ የአብራሪ ምስልም ነበረች። ልጄ ቀለም ቀብቷት ሲያበቃ ወንበሩ ላይ ሊያስቀምጣት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ከአውሮፕላኑ አጠገብ፣ መሬት ላይ አቆማት። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ብረቱን እስኪያስገቡለት ይጠብቅ» አለኝ።

ስለ ወንድሜ ነግሬው አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ነገርኩት።