ከሙጃ ወንዝ እስከ ጣና ባሕር

የደጋ ሰው ውኃን የሚያውቀው በሁለት መልኩ ነው፤ በበጋ ከምንጭ በእንስራ ሲቀዳ፥ በክረምትም ወንዝ ሲሞላ። የመጀመሪያው በረከት፥ ሁለተኛው መዓት ነው። ሦስተኛ መልክ እንዳለው ግን፥ ይኸውም ሰው በላዩ ተቀምጦ እንደ በቅሎ እየገራ የሚሄድበት ውኃ መኖሩን፥ በላስታ ተራሮች መካከል የተወለደ ሰው በወሬ ይሰማዋል እንጂ በዓይኑ አያየውም። ተከዜ እንኳ ከላስታ ደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላ ሲወርድ በገደል መካከል የሚጮኽ ወንዝ ነው እንጂ ታንኳ የሚንሳፈፍበት ባሕር አይደለም።

በሙጃ አቅራቢያ ካለ አንድ መንደር የወጡ ሁለት ወንድማማች ተማሪዎች፥ አኵፋዳቸውን አንግተው ደበሏቸውን ለብሰው በሐምሌ ወር መንገድ ጀመሩ። ከአንድ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ውኃው ደፍርሶ ነበረ፤ ነገር ግን ከጕልበት የሚያልፍ አልመሰላቸውም። ታላቁ፥ «እኔ ልቅደምና እየው» ብሎ ገባ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ እስከ መካከሉ ድረስ እየሣቀ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ግን እግሩ ከድንጋይ ላይ ተንሸራተተና ጐርፉ ይዞት ወረደ። ታናሹ በወንዙ ዳር እየሮጠ ቢከተል ከታች በኩል ያገኘው የወንድሙን ደበሎ ብቻ ነበረ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ የውኃ ድምፅ በሰማ ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ቢሆንም ትምህርቱን አልተወም። ጎጃም ወርዶ ቅኔ ቈጠረ፤ ከጓደኞቹም የሚያንስ አልሆነም። ቅኔውን ከፈጸመ በኋላ የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊማር ወደደ፤ የፈለገው መምህር ግን በጣና ባሕር ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንደኛው ገዳም የሚኖር አባት ነበረ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ፥ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ዋና ለማያውቅ ሰው ሁለት ሜትርም ይበቃዋል። ዲያቆኑ ሦስት ጊዜ እስከ ባሕሩ ዳር ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ጓደኞቹም፥ ሊቃውንት የላሊበላዋን ቤተ ጊዮርጊስ በኖኅ መርከብ እንደሚመስሏት ያውቁ ነበርና፥ «የላስታ ልጅ የሚያውቃት መርከብ ከድንጋይ የተፈለፈለችውን ነው፤ እርስዋም ከቦታዋ አትንቀሳቀስም» እያሉ ይቀልዱበት ነበረ።

በባሕሩ ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወገናቸው ወይጦ ነው። የወይጦ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በጣና ዙሪያ ዓሣ በማጥመድና ታንኳ በመሥራት የኖሩ ናቸው፤ ቀድሞ ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለ ነበረ ጎረቤቶቻቸው እንደ ርኩስ ቈጥረው አብረዋቸው ከማዕድ አይቀመጡም ነበረ። ዲያቆኑም በዚህ ልማድ ያደገ ነውና ከእኒህ ሰው አጠገብ መቆም እንኳ ከበደው። ሽማግሌው ግን ቀድመው ተናገሩት።

«ልጄ፥ ሦስት ጊዜ መጥተህ ሦስት ጊዜ ተመለስህ። የምትፈራው ታንኳውን ነው ወይስ ውኃውን?»

«ውኃውን ነው፥ አባቴ። ወንድሜን ወስዶብኛል።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፥ «እንግዲያስ ፍርሃትህ የተገባ ነው። እኔ ፍርሃቱን ከልብህ ላወጣልህ አልችልም፤ በፈራህ ጊዜ እጅህ ምን እንደሚሠራ ግን ላሳይህ እችላለሁ» አሉት። ዲያቆኑ ከብዙ መምህራን እግር ሥር ተቀምጦ ነበረ፤ እንደዚህ ያለ ቃል ግን ከአንዳቸውም አልሰማም። ደበሎውን አውልቆ በአጠገባቸው ተቀመጠ።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ውኃው አልገቡም። ደንገሉን እያጨዱ፥ እያደረቁ፥ እየጠቀለሉ ሲያስሩ ዋሉ። ሽማግሌው፥ ደንገል በውስጡ አየር ያለበት ስለ ሆነ ታንኳው ውኃ ቢሞላበትም እንደማይሰጥም፥ ነገር ግን ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ከዳር ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ እንዳለበት፥ እንዲህም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ እንደማያገለግል አስረዱት። ሰው የሚቀመጥበትን ነገር አሠራር ሲያውቅ ግማሹ ፍርሃት ይቀልለታል።

በሁለተኛው ቀን ታንኳው ከዳር ካለ ዛፍ ላይ በገመድ ታስሮ፥ ዲያቆኑ በላዩ እንዲንበረከክ ተደረገ። መቆም እንደማይገባ፥ ክብደትን ዝቅ አድርጎ በመካከል መያዝ እንደሚያስፈልግ፥ ታንኳው ወደ ግራ ቢያዘነብል ደንግጦ ወደ ቀኝ መዝለል ይበልጥ እንደሚገለብጠው ተማረ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ውኃው ከወገብ በማያልፍበት ስፍራ ታንኳውን ሆን ብለው ገለበጡት። ዲያቆኑ ጮኸ፤ ውኃም ጠጣ፤ ነገር ግን እግሩ መሬት ነካ። «እንደገና» አሉት። በዚያ ቀን ሰባት ጊዜ ተገለበጠ። በሰባተኛው ጊዜ ሳይጮኽ የታንኳውን ጎን ይዞ ቆየ፤ ሽማግሌውም የተገለበጠውን ታንኳ ትቶ ወደ ዳር ለመዋኘት የሚሮጥ ሰው እንደሚደክምና እንደሚጠፋ፥ ታንኳውን የሙጥኝ ያለ ግን እንደሚድን ነገሩት።

ዲያቆኑ ይህን ሁሉ ከቅኔ ቤት ሥርዓት ጋር አስተያየው። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይሰጠውም፤ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፥ ቀጥሎ ወደ ዘአምላኪየ፥ ከዚያም እያለ ወደ ረጅሙ ይወጣል። ቅኔው ሲበላሽ መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል፤ በዚያ ያልታረመ ሰው በታላቅ በዓል ቀን በሊቃውንት ፊት ያፍራል። በወገብ ልክ ውኃ ያልተገለበጠም እንዲሁ በጥልቁ ይጠፋል። የመምህር ጥበብ ተማሪውን ከስሕተት መጠበቅ ሳይሆን፥ ስሕተቱ በማይገድልበት ስፍራ እንዲሳሳት ማድረግ ነው።

በመጨረሻ የነፋሱን ጠባይ ተማረ። ጣና ማለዳ እንደ ዘይት ረግቶ ያድራል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ እየተነሣ ማዕበል ያስነሣል። ስለዚህ አዋቂ ቀዛፊ ሌሊት ተነሥቶ በማለዳ ይሻገራል። ማዕበል በመንገድ ላይ ያገኘው እንደ ሆነ የታንኳውን ፊት ወደ ማዕበሉ ያቀናል፤ ጎኑን የሰጠ ይገለበጣል።

ዲያቆኑ በተሻገረ ቀን ነፋሱ ከልማዱ ቀድሞ ተነሣ። መቅዘፊያውን የያዘው እርሱ ነበረ፤ ሽማግሌው ከኋላው ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ሆኖም ተንበርክኮ፥ ዝቅ ብሎ፥ የታንኳውን ፊት ወደ ማዕበሉ አቅንቶ ቀዘፈ። ፍርሃቱ አልጠፋም ነበረ፤ እጁ ግን ሥራውን ያውቅ ነበረ። ከደሴቱ ዳር ሲደርሱ የሽማግሌውን ጕልበት ሊስም ዝቅ አለ፤ እርሳቸውም «ተው ልጄ፥ ሰው ያይሃል» አሉት። እርሱ ግን ሰው እያየው ሳመ።

ይህ ዲያቆን ከብዙ ዘመን በኋላ መሪጌታ ሆነው ወደ ሙጃ ተመለሱ። የእኅታቸው ልጅ በባሕር ዳር የመርከብ መሐንዲሶች በሚሠለጥኑበት ተቋም ተምሮ ሊጠይቃቸው በመጣ ጊዜ፥ የሽማግሌውን ትምህርት በሌላ ልብስ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1978 በተደረገው የዓለም የባሕረኞች ሥልጠና ስምምነት መሠረት፥ ማንኛውም ሠልጣኝ ተንሳፋፊ ሰደርያ ለብሶ ከከፍታ ወደ ውኃ ይዘላል፤ የተገለበጠውንም የነፍስ አድን ታንኳ በውኃ ውስጥ ሆኖ መልሶ ያቀናል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1955 የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ሲቋቋም፥ ባሕር አይተው የማያውቁ ወጣቶች በምጽዋ ከኖርዌይ መኮንኖች ተምረው መርከበኞች ሆነው ነበረ፤ ያ ኃይል ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቢበተንም፥ የደጋ ልጅ ባሕርን ሊማር እንደሚችል አሳይቶ አልፏል።

ወጣቱ በሌሎች አገሮች ሕፃናት የሸራ ጀልባ ስለሚማሩበት ሥርዓትም ነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 ክላርክ ሚልስ የሚባል አሜሪካዊ በፍሎሪዳ ለልጆች የነደፋት፥ ኦፕቲሚስት የምትባል ከሁለት ሜትር ጥቂት የምትበልጥ ባለ አንድ ሸራ ጀልባ አለች። የሸራ ጀልባ ወደ ነፋሱ ፊት ለፊት መሄድ አይቻላትም፤ ነገር ግን ነፋሱን አንድ ጊዜ በግራ፥ አንድ ጊዜ በቀኝ ጎኗ እየተቀበለች ተጠማዝዛ ነፋሱ ወደ መጣበት ትደርሳለች፤ ከሥሯ ወደ ውኃው የወረደው ሳንቃ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታልና። ነፋሱ ሲበረታ ልጁ የሸራውን ገመድ ያላላል፤ ያን ጊዜ ሸራው ነፋሱን ይለቅቃል፥ ጀልባይቱም ትረጋለች። ጀልባን መገልበጥና መልሶ ማቅናት ግን ገና ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነው። መሪጌታው ይህን ሰምተው፥ «ሽማግሌው ይህን ሁሉ ያውቁ ነበረ፤ ሸራ ብቻ አልነበራቸውም» አሉ።

መሪጌታው በየዓመቱ በበጋ ወራት ተማሪዎቻቸውን ወንዙ ተጠራቅሞ ኩሬ ወደ ሆነበት ስፍራ ይወስዷቸዋል። ውኃው ከወገብ አያልፍም። አንዱ ከዳር ሆኖ ገመድ ይይዛል፤ ሌላው በጀርባው መንሳፈፍን ይማራል። አንዳንድ የመንደሩ ሽማግሌዎች፥ «የቅኔ መምህር ዋና ያስተምራልን?» ብለው ነቀፏቸው። እርሳቸውም፥ «ቅኔ የሚዘርፈው በሕይወት ያለ ተማሪ ነው» ብለው መለሱ።

ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲደፈርስ ከተማሪዎቹ አንዱ፥ «የኔታ፥ አሁን ዋና ችለናል፤ መቼ እንሻገር?» ብሎ ጠየቃቸው። መሪጌታው ወንድማቸው የገባበትን ስፍራ እያዩ፥ «ውኃው ሲጐድል» አሉት። ተማሪዎቹም ከዳር ተቀምጠው ዳዊታቸውን እየደገሙ ሁለት ቀን ጠበቁ፤ በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተሻገሩ።