ወደ ቦንጋ ስላደረግነው ጉዞና በአንድ ትምህርት ቤት ስለ ሰማነው የጤና ትምህርት

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተን በጅማ በኩል ወደ ካፋ ሄደን ነበር። መንገደኛ የጎጀብን ቆላ ተሻግሮ ሽቅብ በወጣ ጊዜ ጭጋጉ በዛፎቹ ጫፍ ላይ ተኝቶ፥ ከጥላቸውም ሥር ቡናው ሰው ሳይተክለው በቅሎ ያያል። ወራቱ የቡና ለቀማ ነበረና ወንዱም ሴቱም ሕፃናቱም ቅርጫት ይዘው ወደ ደን ሲገቡ አገኘናቸው። ስለ ቦንጋ ደንና ስለ ቡናው ግን ብዙ ሰዎች ስለ ጻፉ፥ እኛ በዚያ በአንድ ትምህርት ቤት ያየነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን።

በዚያ ወር በመላው ኢትዮጵያ ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ከ7 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጃገረዶች የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከል ክትባት እንዲሰጥ ታዝዞ ነበር። ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ብርቱ ደዌ ነው። ምክንያቱም ሂውማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ መሆኑን የጀርመን አገር ሊቅ ሃራልድ ሱር ሐውዘን ስለ ገለጠ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ወደ ክፍሉ በገባን ጊዜ መምህሩ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋራ ሆኖ በካፊኖኖ ያስተምር ነበር፤ ጓደኛችንም ተረጐመልን። «ቫይረሱ ከገባ በኋላ በሽታው እስኪገለጥ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ቤት ሳይቃጠል ውሃ እንደሚቀዳ ሁሉ ክትባቱም በልጅነት ይሰጣል። ይህን ዛሬ ማታ ለእናቶቻችሁ ንገሩ» አላቸው።

በዚህ ጊዜ ከደጃፉ ቆመው ይሰሙ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «መምህር፥ መርፌው ልጆቻችንን መካን ያደርጋል ይባላል። ደግሞስ ቀድሞ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ የተሰጠው ስለ ምን ነው?» ብለው ጠየቁ።

መምህሩም ሳይቈጣ «አባቴ፥ ይህን ማን ነገረዎ?» አላቸው።

«በገበያ ሰማሁ።»

«ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ሲጀመር መድኃኒቱ በዓለም ሁሉ አንሶ ስለ ነበረ ነው በ14 ዓመት የተወሰነው። ያን ጊዜ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ግን አንዱ እንደሚበቃ ሐኪሞች መርምረው አረጋገጡ። መካን አያደርግም፤ ማሕፀንን ከሚያጠፋ በሽታ ይጠብቃል እንጂ» ብሎ መለሰላቸው።

እኛም ይህን ሰምተን ብዙ አሰብን። በፍርድ አደባባይ ምስክር ያልቀረበበት ነገር አይጸናም፤ የገበያ ወሬ ግን ምስክር ሳይጠራ ይፈርዳል። ቢሆንም የልጁን ክንድ ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቅ ሰው አባት ነውና አላዋቂ ሊባል አይገባውም። ነውሩ የጠያቂው ሳይሆን መልስ ሳያዘጋጅ መርፌ ይዞ የሚመጣው ነው።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ይህችስ እዚህ ናት፤ ታናሿ ግን ቡና ለቀማ ላይ ናት፥ ትምህርት ቤትም አልገባችም። ለርሷ ማን ይነግርላታል?» አሉ። መምህሩ መልስ አጣ። ሠራተኛዋ ግን መዝገቧን ገልጣ የልጅቱን ስምና የመንደሯን ስም ጻፈች።

ስለዚህ በየአውራጃው በሹመት ያላችሁ ሁሉ፥ የክትባቱ ሣጥን ከመድረሱ አስቀድሞ ቃሉ በሕዝቡ ቋንቋ እንዲደርስ አድርጉ። በክፍል የተቀመጠችቱን መምህሩ ያገኛታል፤ በደን ውስጥ ቅርጫት ይዛ የምትውለውን ግን ስሟን ጽፎ የሚፈልጋት ሰው ያስፈልጋታል።